ለመኖሪያ የሚሆን የውጭ ከተማ ስትመርጡ ክፉ ቀኑን እዩ

ወደ ውጭ አገር ልዛወር ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ ነው። ከዚያ "ለኑሮ የሚመቹ ምርጥ ከተሞች" የሚል ሰንጠረዥ ይፈልጋል። ቀጥሎ የቤት ኪራይ ያጠያይቃል። ሦስቱም ይጠቅማሉ። ግን ሦስቱም ከተማዋን የሚያሳዩት በደህና ቀኗ ነው። እዚያ የምናየው ነዋሪ ሥራ አለው፣ አልታመመም፣ ከአከራዩ ጋር ተስማምቷል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ገና አላለቀም።

በደህና ቀን ብዙ ከተማ ጥሩ ነው። ሊዝበን ጥሩ ናት። ዱባይ ጥሩ ናት። ቶሮንቶም፣ በርሊንም፣ ባንኮክም ጥሩ ናቸው። ልዩነታቸው ፈጦ የሚወጣው ሥራ የጠፋ ዕለት፣ ሐኪም ያስፈለገ ዕለት፣ መንግሥት ሕጉን የቀየረ ዕለት ነው። ለመዛወር የሚያስብ ሰው ማወዳደር ያለበት እነዚህን ቀኖች ነው ብዬ አምናለሁ። ፓርኩንና ካፌውንማ ማንም ያሳየዋል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰንጠረዡ የሚለካው የማንን ኑሮ ነው?

በብዛት የሚጠቀሰው ሰንጠረዥ ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት የተባለው የጥናት ተቋም በየዓመቱ የሚያወጣው ነው። 173 ከተሞችን በመረጋጋት፣ በጤና፣ በባህልና አካባቢ፣ በትምህርትና በመሠረተ ልማት ይመዝናል። ቪየና ከ2022 እስከ 2024 በተከታታይ አንደኛ ወጣች። በ2025 ኮፐንሃገን ቀደመቻት። ከአምስቱ መመዘኛዎች ውስጥ ግን የቤት ኪራይ የለም። ቪዛም የለም። የኑሮ ውድነት የሚታየው በሌላ ጥናት ነው።

ለዚህ ምክንያት አለው። እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦችን፣ መርሰር የተባለው አማካሪ ድርጅት የሚያወጣውንም ጭምር፣ ከሚጠቀሙት መካከል ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። ሠራተኛቸውን አስቸጋሪ ከተማ ሲመድቡ ምን ያህል አበል እንደሚጨምሩለት የሚወስኑት በእነዚህ ነው። በድርጅት የተላከ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈቃዱን የሚጨርስለት፣ ቤት የሚፈልግለት አለ። በራሱ ጥረትና በራሱ ቁጠባ የሚሄድ ሰው ያንኑ ሰንጠረዥ ሲያነብ የሌላ ሰው ኑሮ እያነበበ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ቪየናን እንያት። ኑሮዋን ከሚያስመሰግኑት ነገሮች ዋነኛው ቤት ነው። ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት ማዘጋጃ ቤቱ በሚያከራያቸው ወይም ድጎማ አግኝተው በተሠሩ ቤቶች ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ወደ 220 ሺህ አፓርታማ ይደርሳሉ። አዲስ መጪ ግን ሻንጣውን እንዳወረደ እዚያ አይገባም። ለማዘጋጃ ቤቱ ቤት ለመመዝገብ ቢያንስ 2 ዓመት በከተማዋ ነዋሪነት መቆየት ያስፈልጋል። ከአውሮፓ ህብረት ውጭ የመጣ ሰው በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የረጅም ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። ይህ ደግሞ የ5 ዓመት ጉዳይ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚከራየው ከግል አከራይ ነው፤ እዚያ ደግሞ በጊዜ የተገደበ ኮንትራት የተለመደ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ አንደኛ የወጣችው ቪየናና አዲስ መጪው የሚገባባት ቪየና ለብዙ ዓመት የተለያዩ ናቸው።

ሲንጋፖርም ላይ ያው ነው። ከቋሚ ነዋሪዎቿና ከዜጎቿ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚኖሩት በመንግሥት በተሠሩ አፓርታማዎች ነው። በሥራ ፈቃድ የመጣ የውጭ ሰው እነዚህን ቤቶች መግዛት አይችልም። የግል ቤት ልግዛ ካለ ደግሞ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በዋጋው ላይ የ60 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ይከፍላል። በዋጋው ላይ 60 በመቶ ማለት ለብዙ ሰው የተዘጋ በር ማለት ነው።

የሰውን ፊት ደግሞ ሰንጠረዥ አይለካውም። ኢንተርኔሽንስ የተባለው መረብ በውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎችን እየጠየቀ ከተሞችን ያወዳድራል። በእሱ ጥናት ቪየና በኑሮ ጥራት ከላይ ሆና ሳለ በሕዝቡ ተግባቢነት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተቀምጣለች። በ2022 እና በ2024 በአጠቃላይ አንደኛ የወጣችው የስፔኗ ቫሌንሲያ ናት። አንድ ዓይነት ከተሞች፣ ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ መልስ።

ሥራ የጠፋ ዕለት

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከደረሰበት በኋላ ነው የሚያነበው።

የብዙ ስደተኛ ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃድ ከቀጣሪው ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ሲቆም ቀን መቆጠር ይጀምራል። የሚሰጠው ጊዜ ግን ከአገር አገር በጣም ይራራቃል። ሲንጋፖር ውስጥ የሥራ ፈቃዱ ከተሰረዘ ለመቆየት የሚሰጠው ጊዜ በተለምዶ 30 ቀን ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤች ዋን ቢ በሚባለው የባለሙያ የሥራ ቪዛ የሚሠራ ሰው እስከ 60 ቀን አለው። ብሪታንያም ቪዛውን ስታሳጥር በተለምዶ 60 ቀን ትሰጣለች። ኔዘርላንድስ ለሠለጠነ ሠራተኛ 3 ወር ትፈቅዳለች። የአውሮፓ ህብረት ብሉ ካርድ የሚባለው የሠለጠነ ሠራተኛ ፈቃድ ያለው ሰው በሕጉ መሠረት ቢያንስ 3 ወር አለው፤ ካርዱን ይዞ 2 ዓመት ከሞላው ደግሞ 6 ወር። አውስትራሊያ ከጁላይ 2024 ወዲህ ጊዜውን አርዝማ በአንድ ጊዜ 180 ቀን፣ በፈቃዱ ዘመን በጠቅላላው እስከ 365 ቀን አድርጋዋለች።

30 ቀን ምን እንደሆነ አስቡት። በዚያ ውስጥ ሲቪ መላክ፣ ኢንተርቪው መቀመጥ፣ ኮንትራት መፈረምና አዲስ ፈቃድ ማስጨረስ አለ። ካልተሳካ ደግሞ በዚያው 30 ቀን ውስጥ የቤት ኮንትራት ማፍረስ፣ ዕቃ መሸጥ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ማውጣት አለ። 180 ቀን ያለው ሰው ግን ለሥራ ፍለጋ የሚሆን ትንፋሽ አለው። ሁለቱ ሰዎች ተመሳሳይ ደመወዝ ቢያገኙም ኑሯቸው አንድ አይደለም።

ነገሩ ሥራ ከጠፋ በኋላ ብቻ አይደለም የሚታየው። ሥራው እያለም አለ። ፈቃዱ በአለቃው እጅ ያለ ሰው "ይህ ሰዓት በዝቶብኛል"፣ "ይህ ደመወዝ አይበቃኝም" ለማለት አፉ ይያዛል። እምቢ ቢል የሚያጣው ሥራውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ነው። ለዚህ ነው የደመወዝን መጠን ከፈቃዱ ዓይነት ነጥሎ ማወዳደር የማይገባው።

በዚህ በኩል ካናዳ ትለያለች። ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው ሥርዓት በ2015 ተጀመረ። በእሱ በኩል የተሳካለት ሰው በቋሚ ነዋሪነት ነው የሚኖረው። ሥራው ቢጠፋ ከተማዋ አትጠፋበትም። ዋጋው ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። ቶሮንቶና ቫንኩቨር ቤት ከሚወደድባቸው ከተሞች መካከል ናቸው። ብዙ ሐኪም፣ ነርስና መሐንዲስ ደግሞ የትምህርት ማስረጃው እስኪረጋገጥና ፈቃድ እስኪያገኝ ከሙያው በታች ይሠራል። ኪስን አቅልሎ እግርን የሚያደላድል ምርጫ ነው። እኔ እግር መደላደሉን ነው የማስቀድመው። ወጣት፣ ያላገባና ቶሎ ገንዘብ ቋጥሮ ለመመለስ ያሰበ ሰው ግን ተቃራኒውን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ርካሽነት አይቆይም

"እዚያ ኑሮ ርካሽ ነው" የሚለው ወሬ ሲደርሰን ብዙ ጊዜ አርጅቷል።

የአርጀንቲናዋ ቡነስ አይረስ ጥሩ ማስረጃ ናት። በ2023 ዶላር የሚያገኝ ሰው እዚያ እንደ ልቡ ይኖር ነበር። ምክንያቱ የዶላር የጎንዮሽ ገበያ ዋጋ ከባንኩ እጅግ የራቀ ስለነበር ነው። በዲሴምበር 2023 አዲሱ መንግሥት የፔሶን ዋጋ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በ2024 የዕቃ ዋጋ ከምንዛሪው ቀድሞ ሮጠ። ሁለቱ የምንዛሪ ዋጋዎችም ተቀራረቡ። ርካሽነቷን ሰምቶ ዘግይቶ የመጣው ሰው ያገኘው በዶላር ሲሰላ ውድ የሆነች ከተማ ነው።

ትብሊሲ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ጆርጂያ ለብዙ አገር ዜጎች ያለ ቪዛ አንድ ዓመት መቆየት ትፈቅዳለች። በዚህ የተነሳ በኦንላይን የሚሠሩ ሰዎች ይወዷት ነበር። ፌብሩዋሪ 2022 ላይ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሩሲያውያን ገቡ። ኪራይ በወራት ውስጥ ሰማይ ነካ። ያላጠፉት ጥፋት የተጫነባቸው ቀድሞ የነበሩት ተከራዮች ናቸው፤ የአገሩ ተማሪዎች ጭምር። በር ለእናንተ ክፍት ከሆነ ለሌላውም ክፍት ነው፤ ሌላው በብዛት ሲመጣ ዋጋው ይቀየራል። የነዋሪው ስሜትም ይቀየራል። በጁላይ 2025 በሜክሲኮ ሲቲ ሰፈሮች፣ በኮንዴሳና በሮማ፣ ሰልፍ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ባርሴሎና ደግሞ ለጎብኚ የሚከራዩ አፓርታማዎችን ፈቃድ በ2028 መጨረሻ ገደማ እንደማታድስ በ2024 አስታውቃለች።

ርካሽ የሆነበትን ምክንያት መጠየቅም ያስፈልጋል። ሞንትሪያል ከቶሮንቶና ከቫንኩቨር ኪራይዋ ይቀላል። ግን ከተማዋ የኬቤክ ናት፤ ቋንቋዋ ፈረንሳይኛ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ቁጥር 96 መንግሥት ለአብዛኛው አዲስ መጪ ከ6 ወር በኋላ አገልግሎት የሚሰጠው በፈረንሳይኛ እንዲሆን አዟል፤ ጤናና የሕዝብ ደኅንነት የመሳሰሉት ግን ተለይተው ቀርተዋል። የአዲስ መጪ ልጆችም በአብዛኛው የሚማሩት በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ነው። ፈረንሳይኛ ለሚችል ወይም ለመማር ለቆረጠ ሰው ግሩም ዕድል ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ እኖራለሁ ላለ ሰው ግን በኪራይ ያተረፈውን በሥራ ገበያው ሊከስረው ይችላል።

ግብር የሌለበት ከተማ

ዱባይ ውስጥ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። ይህ እውነት ነው፤ ብዙ ሰውም ሠርቶ የተለወጠበት እውነት ነው። ግን ግብር የሚከፈልባቸው ከተሞች በግብሩ የሚገዙት ነገር አለ። ዱባይ ውስጥ ያንን ነገር ራሳችሁ ትገዛላችሁ።

የውጭ ዜጋ ልጆች በአብዛኛው የሚማሩት በግል ትምህርት ቤት፣ በክፍያ ነው። የቤት ኪራይ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ በተጻፉ ጥቂት ቼኮች ይከፈላል፤ ስለዚህ ገና ስትገቡ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለውጭ ዜጋ የመንግሥት ጡረታ የለም። በምትኩ ሥራ ሲለቅ የሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያ አለ። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የ30 ቀን መነሻ ደመወዝ ነው። መነሻ የሚለው ላይ አስምሩበት። ኮንትራቱ ላይ የቤትና የትራንስፖርት አበል ተለይቶ ከተጻፈ መነሻው ከጠቅላላው በጣም ሊያንስ ይችላል። ለዱባይ ኮንትራት የሚፈርም ሰው ከሁሉ በፊት ያንን አንድ መስመር ይፈልግ።

ስለዚህ የዱባይን ደመወዝ ከኮፐንሃገን ጋር የሚያወዳድር ሰው የትምህርት ቤቱን፣ የኢንሹራንሱንና ለጡረታ የሚያስቀምጠውን ቀንሶ ነው ማወዳደር ያለበት። ልጅ የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ቀንሶም ብዙ ጊዜ ዱባይ ትሻለዋለች። ሦስት ልጅ ያለው ሰው ስሌቱ ሊገለበጥበት ይችላል።

ጤና ላይም እንዲሁ ነው። ብሪታንያ ውስጥ በሥራ ቪዛ የሚገባ አዋቂ በአብዛኛው ለሕክምና አገልግሎቱ በዓመት 1,035 ፓውንድ ይከፍላል። የሚከፈለው ለቪዛው ዘመን በሙሉ በአንድ ጊዜ ነው። ለ5 ዓመት 5,175 ፓውንድ በነፍስ ወከፍ ማለት ነው፤ የባልና የሚስት ሲደመር ገንዘቡ ቀላል አይደለም። በስዊዘርላንድ ሰው በገባ በ3 ወር ውስጥ ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ አለበት። ውድ ነው። ግን ኢንሹራንሱ ለመሠረታዊው ሽፋን ታማሚ ነህ ብሎ ሊመልሰው አይችልም። ባንኮክ የግል ሆስፒታሎቿ የታወቁ ናቸው፤ የግል ኢንሹራንስ ግን ነባር ሕመምን ሳይሸፍን ሊቀር ይችላል፤ ከዕድሜ ጋርም ክፍያው ይጨምራል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት የ50 ዓመት ሰው እነዚህን ሦስት ቦታዎች ሲያወዳድር ከ28 ዓመት ጤነኛ ወጣት ጋር አንድ መልስ ሊያገኝ አይችልም።

ሕጉ የተቀየረ ዕለት

ፖርቱጋል በ2009 ለአዲስ ነዋሪዎች ልዩ የግብር ቅናሽ ጀመረች፤ በ2012 ደግሞ በኢንቨስትመንት የሚገኘውን "ወርቃማ ቪዛ"። ሊዝበን በሰው ተጥለቀለቀች። በ2023 በቤት ግዢ የሚገኘው ቪዛ ተዘጋ። የግብር ቅናሹም ከ2024 ጀምሮ ለአዲስ መጪ በነበረበት መልክ ቆመ። በኦክቶበር 2023 የቀድሞው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ፈርሶ አዲስ ተተካ፤ አዲሱ የተረከበው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ያልታየ ፋይል ነበር። ካርዳቸው ያለፈባቸው ሰዎች በመንግሥት ማራዘሚያ እየኖሩ ወረፋ ጠበቁ። ሕጉ መልካም ሆኖ ቢሮው ካልሠራ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስፔን ወርቃማ ቪዛዋን በኤፕሪል 2025 ዘጋች። ብሪታንያ ለሠለጠነ ሠራተኛ የምትጠይቀውን ዝቅተኛ ዓመታዊ ደመወዝ በኤፕሪል 2024 ከ26,200 ወደ 38,700 ፓውንድ፣ በጁላይ 2025 ወደ 41,700 አደረሰችው። ካናዳ ተማሪ ማሳየት ያለበትን ገንዘብ በ2024 መጀመሪያ ከ10,000 ወደ 20,635 የካናዳ ዶላር ከፍ አደረገች። በየአንዱ ለውጥ ወቅት ሻንጣውን ያሰረ፣ ሥራውን የለቀቀ፣ ቤቱን የሸጠ ሰው ነበር።

ከዚህ የምወስደው ጥንቃቄ ይህ ነው። አንድን ከተማ የመረጣችሁት በአንድ ልዩ ቅናሽ ወይም በአንድ ልዩ ቪዛ ብቻ ከሆነ፣ ያ ነገር ነገ ቢቀር እዚያ ለመኖር ትፈልጉ ነበር ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ "አይ" ከሆነ ቤት አትግዙ። ተከራዩ፣ ንብረት አታብዙ።

ባልና ሚስት፣ ልጆች

ሁለት ሰው ሲዛወር ብዙ ጊዜ አንዱ ነው ቪዛ የሚያገኘው፤ ሌላው ጥገኛ ተብሎ ይከተላል። ሲንጋፖር ውስጥ ከሜይ 2021 ጀምሮ ጥገኛ ሆኖ የመጣ ሰው ለመሥራት የራሱን የሥራ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ጀርመን ውስጥ የብሉ ካርድ ያለው ሰው ባለቤት እንደ ልቡ መሥራት ይችላል። ብሪታንያ በማርች 2024 አዲስ የሚገቡ ተንከባካቢ ሠራተኞች ቤተሰብ ይዘው እንዳይመጡ ከለከለች። ሙያ ያላት ሚስት ለዓመታት ቤት የምትውልበት ከተማ፣ የባልየው ደመወዝ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ትዳር ላይ የሚያመጣው ጫና ቀላል አይደለም። ይህን ሁለቱም ከመሄዳቸው በፊት ቁጭ ብለው ሊነጋገሩበት ይገባል።

የልጆች ዕድሜም ከተማ ያስመርጣል። በጀርመንና በኦስትሪያ አብዛኛው ክፍል ልጆች 10 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ወደተለያዩ የትምህርት ዘርፎች ይከፈላሉ፤ አንደኛው በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያመራል። በርሊን ግን የምትለየው ከ6ኛ ክፍል በኋላ ነው። በ9 ዓመቱ ጀርመንኛ ሳይችል ሙኒክ የገባ ልጅና በርሊን የገባ ልጅ ቋንቋውን ለመያዝ ያላቸው ጊዜ እኩል አይደለም።

ስለ አየር ጠባይ ብዙ አልልም። ከተማዋን በክፉ ወሯ እዩአት። የታይላንዷን ቺያንግ ማይ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል፣ የእርሻና የደን ቃጠሎ ጭስ ሰማዩን ሲዘጋው። ዱባይን በኦገስት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ። ሄልሲንኪን በዲሴምበር መጨረሻ፣ ቀኑ 6 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሲመሽ። የሚከራየውን አፓርታማም ቢሆን ሊዝበን ላይ በጃንዋሪ ግቡበት፤ ብዙ አሮጌ ቤት ማሞቂያ የለውም።

ስንት ዓመት?

የመጨረሻው ጥያቄ ከተማዋ መቼ ነው የእናንተ የምትሆነው የሚለው ነው። ጀርመን ውስጥ ብሉ ካርድ ያለው ሰው በ27 ወር፣ ጀርመንኛው ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ከደረሰ በ21 ወር ቋሚ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ከጁን 2024 ጀምሮ ዜግነት በ5 ዓመት ሆኗል፤ የቀድሞውን ዜግነት መተውም አይጠየቅም። ካናዳ በ5 ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን የኖረ ቋሚ ነዋሪ ለዜግነት እንዲያመለክት ትፈቅዳለች። ጃፓን ለቋሚ መኖሪያ በመደበኛው መንገድ 10 ዓመት ትጠይቃለች። ስዊዘርላንድ ለዜግነት 10 ዓመት፤ በዚያ ላይ ካንቶኑና ቀበሌው ሊስማሙ ይገባል። ዱባይ የ10 ዓመት ወርቃማ ቪዛ አላት፤ ይታደሳል። ብዙ በመኖር ብቻ ወደ ዜግነት የሚያደርስ የተለመደ መንገድ ግን የላትም።

ይህን ቁጥር በራሳችሁ ዕድሜ ላይ ደምሩት። ልጅ ካላችሁ በልጁም ዕድሜ ላይ። በብዙ አገር ልጅ 18 ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ጥገኝነቱ ያበቃና በራሱ ስም ፈቃድ ይፈለግለታል። የ12 ዓመት ልጅ ይዞ የ5 ዓመት መንገድ ባለበት ከተማ የሚጀምር ቤተሰብ ሁሉም ነገር በጊዜው ከሄደለት ልጁ 17 ሲሆነው አብሮ ይጨርሳል። የ10 ዓመት መንገድ ባለበት ከተማ የሚጀምረው ግን መሃል ላይ ልጁ ብቻውን ሌላ ወረፋ ሊይዝ ይችላል፤ ይህን ደግሞ ከመሄድ በፊት ከኤምባሲው ማረጋገጥ ይቻላል።